የአክስቴ ቡና እና የከብቶቻቸው እበት

ዛሬ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወርጄ፣ ከከተማው ዳር በሚኖሩት አክስቴ ቤት ያለ ኩበት ጭስ የተፈላ ቡና ጠጣሁ። የአራት ከብቶቻቸው እበት ከውኃ ጋር ተበጥብጦ አየር በማይገባው ማብላያ ውስጥ ሲብላላ የሚወጣው ሚቴን የተባለ ተቀጣጣይ ጋዝ፣ በቱቦ ወደ ምድጃው መጥቶ በሰማያዊ ነበልባል ይነዳል፤ ዝቃጩም ለጓሮው ጎመን ማዳበሪያ ይሆናል። ለእንጀራ ምጣድ ግን ኃይሉ አይበቃም ብለው ያማርራሉ፣ እውነታቸውን ነው።

ሚቴን በ20 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 ጊዜ በላይ የማሞቅ አቅም ስላለው፣ የእበቱን ጋዝ ወደ አየር ከመልቀቅ ይልቅ ለማገዶ የሚያውለው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ሊበረታታ ይገባል። ሆኖም በሀገራችን ትልቁ የሚቴን ምንጭ እበቱ ሳይሆን ከብቶች ሲያመሰኩ የሚያገሱት ጋዝ በመሆኑ፣ ዋናው ሥራ የሚጠብቀን በመኖና በዝርያ ማሻሻል ላይ ይመስለኛል። ይህንን ስነግራቸው አክስቴ ወደ በረቱ ተመልክተው «ታዲያ ግሳታቸውን በምን ላፍነው?» ብለው ሳቁብኝ።