የእቁቡ ገንዘብ ከየት መጣ?

የሌሊት ፈረቃዬን ጨርሼ፣ አውቶቡሱን አስረክቤ ቤት እንደገባሁ ስልኬ ጮኸ። የቤት ግዢያችንን ሕጋዊ ሥራ የያዘችልን ሶሊሲተር፣ ማለትም ጠበቃ፣ ነበረች። «የባንክ መግለጫዎን እየመረመርሁ ነው። በአንድ ቀን 8,000 ፓውንድ፣ በማግስቱ ደግሞ 2,000 ፓውንድ በጥሬ ገንዘብ ገብቷል። ከየት እንደመጣ ያስረዱኛል?» አለችኝ።

«የእቁብ ነው» አልኋት።

ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «እቁብ ማለት ማን ነው?» ብላ ጠየቀች።

ይህ የሆነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023፣ በደቡብ ለንደን ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት በ310,000 ፓውንድ ለመግዛት ስንሯሯጥ ነው። ከዚያ በኋላ ቤት ለመግዛት የተነሡ ብዙ ወገኖቼ ስለ ሶሊሲተር ሥራ እየደወሉ ይጠይቁኛል። ከሁሉ አስቀድሜ የምነግራቸው ይህንኑ የእቁብ ነገር ነው፤ አምስት ሳምንት ያስከፈለን እርሱ ነውና።

እኔ ጥያቄውን እንደ ስድብ ቆጥሬው ነበር። ሃያ ሰዎች በየወሩ 500 ፓውንድ እየጣልን፣ በላባችን ያጠራቀምነውን ገንዘብ ከየት አመጣኸው መባል ያንገበግባል። ሶሊሲተሯ ግን የጠየቀችው ጠርጥራኝ አልነበረም። የእንግሊዝ ሕግ፣ በተለይም በ2017 የወጣው በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ ማስመሰልን የሚከላከለው ደንብ፣ የደንበኛዋን ገንዘብ ምንጭ እንድታጣራ ያስገድዳታል። ሳታጣራ ብትቀር ተጠያቂዋ ራሷ ናት። ይህን ስረዳ ቁጣዬ በረደ፤ ወረቀት ፍለጋውም ተጀመረ።

የእቁባችን ዳኛ ትልቅ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ የእቁብ ምስክሩ እምነት ነው» ብለው ትንሽ ቅር አላቸው። ሆኖም ስለ እቁቡ አሠራር ደብዳቤ ጻፉ፣ የመታወቂያቸውን ቅጂ ሰጡ፣ የደብተሩንም ገጾች ፎቶ አንሥተው ላኩልኝ። እኔ ደግሞ ወር በወር 500 ፓውንድ ከሒሳቤ ሲወጣ የሚያሳየውን መግለጫ አያያዝሁ። 8,000 ፓውንዱ በባንክ የተላለፈ ስለነበር ተቀባይነት አገኘ። በጥሬ ገንዘብ ተቀብዬ ያስገባሁትን 2,000 ግን የሶሊሲተሯ ጽሕፈት ቤት አልተቀበለውም። ጉድለቱን ዋሽንግተን ያለችው እኅቴ ሞላችልን። እርሷም ገንዘቡ ብድር ሳይሆን ስጦታ መሆኑንና በቤቱ ላይ ምንም ድርሻ እንደማትጠይቅ ፈርማ፣ ከመታወቂያዋና ከባንክ መግለጫዋ ጋር መላክ ነበረባት። አበዳሪው ባንክም ስለ ስጦታው እንዲያውቅ ተደረገ።

ሶሊሲተሯን እንዴት እንዳገኘናት ለሚጠይቁኝ፦ ቤቱን የሚሸጠው ደላላ የራሱን ሰው ሊሰጠን በብርቱ ጥሮ ነበር። ደላላው ለሚልከው ደንበኛ ከጠበቃው ኮሚሽን የሚያገኝበት አሠራር አለ፤ የእርሱን ሰው የመቀበል ግዴታ ግን የለም። እኛ አንዲት የቤተ ክርስቲያን እኅታችን የተጠቀመችባትን መረጥን። ፈቃድ እንዳላት በሶሊሲተሮች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ አየን፤ የምንበደርበት ባንክ አብሯት እንደሚሠራም አረጋገጥን። ባንኩ ካልተቀበላት ሌላ ጠበቃ መጨመር ሊኖር ይችላልና። ክፍያዋንም የራሷንና ለሌሎች የምትከፍለውን ለይታ በጽሑፍ ሰጠችን።

ባለቤቴ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ «ቤቱን መቼ መጥተው ያዩታል?» ብላ ጠየቀቻት። አታየውም! የሶሊሲተር ሥራ በወረቀት ላይ ነው፦ ሻጩ በእርግጥ ባለቤት መሆኑን፣ የአካባቢው ምክር ቤት በቤቱ ላይ የመዘገበውን፣ የፍሳሽ መስመሩን፣ የጎርፍ ሥጋቱን ታጣራለች። ግድግዳው እርጥበት ይምጠጥ አይምጠጥ የሚያየው ሌላ ባለሙያ ነው፤ የሚከፈለውም ለብቻው ነው። ባንኩ የሚልከው ገማች ደግሞ የሚያየው ለባንኩ ጥቅም ነው። እኛ የራሳችንን መርማሪ ቀጥረን የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ውኃ እንደሚያሰርግ አወቅን።

ትልቁ ጉዳይ የወጣው ግን ከሶሊሲተሯ ሪፖርት ነው። ብዙ ገጽ ነበረው፤ እኔ ድካም ላይ ስለነበርሁ ልፈርም እስክሪብቶ አነሣሁ። ባለቤቴ ከእጄ ወስዳ ቡና እያፈላች አነበበችው። «ሊዙ 81 ዓመት ነው የቀረው ይላል፤ ምን ማለት ነው?» አለች። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ሊዝ የሚለው ቃል እንግዳ አይደለም፤ እዚህ ግን የሚመለከተው መሬቱን ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ ፎቅ ላይ ያለ አፓርትመንት የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው ለተወሰኑ ዓመታት የመያዝ መብት ነው። የቀረው ዘመን ከ80 ዓመት ሲያንስ ማራዘሚያው በጣም ይወደዳል። በዚያን ጊዜ ገዢ ማራዘሚያ ለመጠየቅ ሁለት ዓመት ባለቤት ሆኖ መቆየት ነበረበት፤ ይህ ግዴታ የተነሣው በጥር 2025 ነው። ስለዚህ እኛ መጠየቅ በምንችልበት ጊዜ 79 ዓመት ብቻ ይቀረው ነበር። ሶሊሲተሯ መፍትሔ አመጣች፦ ሻጩ ራሱ የማራዘም ጥያቄውን አቅርቦ መብቱን ከሽያጩ ጋር ለእኛ እንዲያስተላልፍ ተደራደረች። እኔ በፊርማ ልዘጋው የነበረው ነገር ይህ ነበር። ዛሬም ሳስበው ይዘገንነኛል።

«ዋጋው ከተስማማን በኋላ ሻጩ ሊከዳኝ ይችላል?» የሚለውን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ይችላል። በእኛ ሕግ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። በእንግሊዝና በዌልስ ግን ሁለቱ ወገኖች የፈረሙትን ውል እስኪለዋወጡ ድረስ ማንም አይታሠርም፤ ሻጩ የተሻለ ዋጋ ካገኘ ለሌላ ሊሸጥ ይችላል፣ ገዢም እንዲሁ መተው ይችላል። ውሉ ከተለዋወጠ በኋላ ደግሞ ገዢው ቢያፈገፍግ አብዛኛውን ጊዜ የዋጋው 10 በመቶ የሆነውን ቀብዱን ያጣል። በመካከል ያሉት ወራት ነርቭ ይጨርሳሉ። እኔ በመጀመሪያ በየቀኑ እደውል ነበር፤ ከዚያ ጥያቄዎቼን ሰብስቤ በሳምንት አንድ ኢሜይል መላክ ጀመርሁ፤ መልሱ የተሟላ ሆነ።

ገንዘቡን የምናስተላልፍበት ሳምንት «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» የሚል ኢሜይል በሶሊሲተሯ ስም መጣ። በመጀመሪያው ቀን በመዘገብነው ስልኳ ደወልን። እርሷ አልላከችውም። ስለዚህ ሒሳቡን ከአንደበቷ ቁጥር በቁጥር አረጋግጠን፣ መጀመሪያ አንድ ፓውንድ ልከን፣ ደረሰኝ ካለች በኋላ ነው የቀረውን ያስተላለፍነው።

ቁልፉን የተቀበልነው ከደላላው ቢሮ ነው። የሶሊሲተሯ ሥራ ግን አላበቃም፤ በ14 ቀን ውስጥ የቴምብር ቀረጡን ማስታወቂያ አስገባች፣ ስማችንንም በመሬት መዝገብ ቤት አስመዘገበች። የመጀመሪያ ቤታችን በመሆኑና በወቅቱ እስከ 425,000 ፓውንድ ነፃ ስለነበር ቀረጥ አልከፈልንም። ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ ግን ነፃው እስከ 300,000 ብቻ ስለሆነ ያው ቤት ዛሬ 500 ፓውንድ ያስቀርጥ ነበር።

የእቁባችን ጸሐፊ አሁን እኔ ነኝ። ጥሬ ገንዘብ አንቀበልም፤ ሁሉም በባንክ ይጥላል፤ ዕጣ የወጣለትም በባንክ ይቀበላል። ባለፈው ወር ዕጣው የደረሳት ልጅ ቤት እያየች ነው። ገና ሶሊሲተር ሳትይዝ የደብተሩን ቅጂና የዳኛውን ደብዳቤ በፖስታ አድርጌ ሰጠኋት።