ለቅዳሜው ንባባችን ፈንድ ያገኘነው እንዲህ ነው

መጀመሪያ የወሰንነው ነገር የራሳችንን ማኅበር አለማቋቋም ነበር። እኛ ሐዋሳ ውስጥ የምናስተምር ጥቂት መምህራን ነን። ሐሳባችን ቀላል ነው፦ ቅዳሜ ከሰዓት ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ይምጡ፣ አብረው ያንብቡ። ፈንድ ሰጪዎች ግን ሐሳቡን ከማየታቸው በፊት የምዝገባ ሰርተፊኬት፣ የኦዲት ሪፖርትና የባንክ ሒሳብ ይጠይቃሉ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ከወጣ ወዲህ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት መመዝገብ ከድሮው ቀሏል። ቢሆንም ትናንት የተመዘገበ ድርጅት የኦዲት ሪፖርት ከየት ያመጣል?

ስለዚህ እዚሁ ከተማ ለዓመታት የሠራ፣ ወረቀቱ የተሟላ አንድ አገር በቀል ማኅበር ዘንድ ሄድን። አመልካቹ እሱ፣ ሠሪዎቹ እኛ። ገንዘቡ በየትኛው ሒሳብ ይገባል፣ ማን ይፈርማል፣ ብንጣላስ? ሁሉንም ቁጭ ብለን በመግባቢያ ሰነድ ጻፍነው። እዚህ ላይ ይሉኝታ ዋጋ ያስከፍላል።

ፕሮፖዛሉን ስንጽፍ «ኢትዮጵያ በምሥራቅ አፍሪካ የምትገኝ አገር ናት» ከሚለው የተለመደ አጀማመር ራቅን። የሚያነበው ሰው አዲስ አበባ ነው ያለው፤ የት እንዳለ ያውቃል። እኛ የጀመርነው ከአንዱ ቅዳሜ ነው። ከ9 ሰዓት ጀምሮ ልጆቹ አንድ ክፍል፣ ወላጆቹ ሌላ ክፍል ገብተው ይማራሉ። ቀጥሎ ቡና ይፈላና ወላጆቹ ስለ ልጆቻቸው ያወራሉ። መጨረሻ ላይ እያንዳንዱ ወላጅ ከልጁ ጋር ይቀመጥና አብረው ያነባሉ። ይህ አካሄድ የእኛ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 ኬንታኪ ውስጥ የተቋቋመውና ቶዮታ ለረጅም ዓመታት የደገፈው የአሜሪካ የቤተሰብ ንባብ ማዕከል እነዚህኑ አራት ነገሮች (የልጆች ትምህርት፣ የወላጆች ትምህርት፣ የወላጆች ውይይትና አብሮ ማንበብ) ይዞ ነው የታወቀው። ይህን በአንድ አረፍተ ነገር ጠቀስን፤ ገምጋሚው የሚያውቀውን ነገር ሲያይ ልቡ ይረጋል።

«አዲሱ ነገር ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ አይቀርም። ሐዋሳ ደግሞ በአህያ የሚጎተት የልጆች ቤተ መጻሕፍት ያየች ከተማ ናት፤ የዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የልጆች ንባብ ድርጅት፣ ኢትዮጵያ ሪድስ፣ ነበር ያመጣው። ይህን ከመደበቅ ራሳችን አነሳነው። እነሱ መጽሐፉን ወደ ልጁ ወሰዱ፣ እኛ ወላጁን ከልጁ አጠገብ እናስቀምጣለን አልን።

ትልቁ ልዩነታችን ግን የፊደሉ ጉዳይ ነበር። በርካታ ወላጆች ፊደል የቆጠሩት፣ ከቆጠሩ፣ በአማርኛ ነው። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተማሩ አያቶችም አሉ፤ ረስተውታል እንጂ ቶሎ ይመለስላቸዋል። ልጆቹ ውስጥ ደግሞ በሲዳሙ አፎ (በሲዳምኛ)፣ በላቲን ፊደል የሚማሩ ብዙ ናቸው። እናት የልጇን ደብተር ስትገልጥ ቋንቋው የራሷ ነው፣ ፊደሉ ግን ባዕድ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙን በሁለቱም ፊደል አደረግነው። ልጁ ላቲኑን ለእናቱ ያሳያል፣ እናትም የምታውቀውን ሀሁ ለልጇ ታሳያለች። ሁለቱም አስተማሪ፣ ሁለቱም ተማሪ። በሲዳሙ አፎ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ እንደልብ ስለማይገኝ አያቶች ተረት ያወራሉ፣ ልጆች ይጽፋሉ፣ መምህር ያርማል፣ እናሳትማለን። የበጀታችን አንዱ ትልቅ መስመር ኅትመት የሆነው በዚህ ነው።

ለማስረጃ በ2002 ዓ.ም. በአገር ደረጃ የተደረገውን የንባብ ምዘና ተጠቀምን፤ ሲዳሙ አፎም ተካቶበት ነበር። ከተፈተኑት የሁለተኛ ክፍል ልጆች ሲሶ ያህሉ ከምንባቡ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። የራሳችንንም መነሻ በዚያው ዘዴ ለካን። ልጁ ለአንድ ደቂቃ ያነባል፣ በትክክል ያነበባቸው ቃላት ይቆጠራሉ። ወረቀት፣ እርሳስና የስልክ ሰዓት ይበቃል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ማን ምን እንደሚሸፍን ሳያውቁ ማመልከት ጊዜ መጨረስ ነው። ለምሳሌ የጃፓን ኤምባሲ ለማኅበረሰብ ፕሮጀክቶች የሚሰጠው ድጋፍ በዋናነት ለግንባታና ለዕቃ ነው፤ ደመወዝና የሥራ ማስኬጃ አይከፍልም። የእኛ ወጪ ደግሞ ሰው ነው። ስለዚህ አልነካነውም፤ ቅዳሜ ለሚያስተምሩት አመቻቾች አበል የሚፈቅድ ሌላ ጥሪ ጠበቅን። የማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ የአመቻቾቹን አበል አስተዳደራዊ ወጪ ውስጥ ሊከተው ነበር። በድሮው 70/30 ዘመን፣ ማለትም 70 በመቶ ለሥራ፣ ለአስተዳደር ቢበዛ 30 በመቶ በሚባልበት ጊዜ፣ የለመደ እጅ ነው። አሁን ያለው አዋጅ የአስተዳደር ወጪን በ20 በመቶ ይገድባል፤ አስተዳደራዊ የሚለውም ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር ያልተያያዘውን ነው። ቅዳሜ የሚያስተምር ሰው አበል ፕሮጀክቱ ራሱ ነው። አዋጁን አውጥተን አብረን አነበብነውና ተስማማን።

ደረሰኝ ሌላ ጣጣ ነው። አታሚው ፕሮፎርማም ደረሰኝም አለው። ዳቦ የምትሸጥልን እናትና የባጃጁ ልጅ ግን ከየት ያምጡ? ውሉ ከመፈረሙ በፊት ይህን ጥያቄ ለፈንድ ሰጪው አቀረብን። ስም፣ መጠን፣ ቀንና ፊርማ ያለበት የክፍያ ቅጽ እንዲበቃ በጽሑፍ ፈቀዱ። ከተፈረመ በኋላ ቢጠየቅ ኖሮ ኦዲተር ፊት መንገዳገድ ነበር።

ያ ቅጽ ያልጠበቅነውን ጥቅም ሰጠን። ለወላጆች የትራንስፖርት ስንከፍል የሚፈርሙት እሱ ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ወራት ገጾች በሰማያዊ የአውራ ጣት አሻራ የተሞሉ ናቸው። ወደ ኋላ ላይ አሻራው እየሳሳ፣ በቦታው ስም እየመጣ ይሄዳል። አንዳንዱ ፊደል ከሳጥኑ ወጥቶ የጎረቤትን መስመር ይረግጣል። የፈንድ ሰጪው ባለሙያ ለጉብኝት ስትመጣ እኛ የልጆቹን ውጤት በሰንጠረዥ አዘጋጅተን ነበር። እሷ ግን የሒሳብ ፋይሉን ከፍታ ቆየች። «ይሄ ሪፖርቱ ውስጥ ለምን የለም?» አለች። የሁለት ወር ገጾች ፎቶ፣ ስሙን በወረቀት ሸፍነን፣ አስገባን።

በጀታችሁ በብር ከሆነ ደግሞ ሐምሌ 2016ን አትርሱ። የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል የወረቀት ዋጋ ሽቅብ ወጣ፣ የአታሚው ፕሮፎርማም በሳምንት ይሞት ጀመር። አሁን ኅትመትን በገጽ ብዛት እንጂ በመጽሐፍ ብዛት ቃል አንገባም። ቃል የተገባለት መጽሐፍ ሲጎድል ማብራሪያ ይጠየቃል።

ካሌንደርም ተመልከቱ። የፈንድ ሰጪው በጀት ዓመት ከእኛ ጋር ላይገጥም ይችላል፤ ለምሳሌ የካናዳ መንግሥት የበጀት ዓመት መጋቢት 22 ላይ ያልቃል፣ የእኛ ሰኔ 30፣ ትምህርት ቤት ደግሞ በራሱ ጊዜ ይዘጋል። ክረምት ላይ የሚወድቅ ፕሮጀክት ልጆቹ ገጠር አያት ቤት ሄደው ባዶ አዳራሽ ይቀራል።

ፈንዱ አልቋል። ቅዳሜ አልቆመም፤ ቡናውን እናቶቹ በተራ ያመጣሉ፣ አዳራሹን ቀበሌው በነፃ ሰጥቶናል፣ ኅትመት ግን ቆሟል። ፉክክሩም ከብዷል። ዩኤስኤይድ በ2017 ከተዘጋ ወዲህ ትልልቆቹ ድርጅቶችም ድሮ ዞር ብለው የማያዩትን ትንሽ ጥሪ ያሳድዳሉ። እኛ ለሚቀጥለው የምንጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ኅትመትና የአመቻች አበል። አዳራሹንና ቡናውን በብር ተምነን የራሳችን መዋጮ ብለን እናስገባለን። ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የድጋፍ ደብዳቤ ከአሁኑ ጠይቀናል፤ ጥሪ ከወጣ በኋላ ኃላፊው መስክ ላይ ነው፣ ማኅተሙ ያለው ደግሞ እሱ ጋ ነው።