የአባይ በረሃ፣ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን

ሸዋን ከጎጃምና ከጎንደር የሚያገናኘው አውራ ጎዳና ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጫንጮ፣ በሙከጡሪና በገብረ ጉራቻ በኩል ደጋውን ይዞ ይዘልቃል። በክረምት ጉም ካልገጠመን በቀር እስከ ጎሐ ጽዮን፣ 185 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ብዙም አያስቸግርም።

ጎሐ ጽዮን ላይ ግን ቆመን የፍሬን ዘይቱን፣ የራዲያተሩን ውሃና ጎማውን እናያለን። ከዚህ እስከ ደጀን ባለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል።

ቁልቁለቱ የሚወረደው በማርሽ ነው። ትንሽ መኪና በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ይወርዳል፤ የጫነ ተሳቢ ከዚያም በከበደ፣ ማለትም ቁጥሩ ባነሰ ማርሽ መያዝ አለበት። ማርሹ የሚገባው ደግሞ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው፤ ከፈጠነ በኋላ ከባድ መኪና ማርሽ አልቀበል ይላል። ፍሬን ላይ እግር ጭኖ መውረድ ሸራውን (እየተፋተገ ጎማውን የሚይዘውን የፍሬን ልባስ) ያግለዋል፣ ዘይቱ ይፈላል፣ ያኔ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ቢረገጥም መኪናው አይቆምም። ጠንከር አድርጎ ረግጦ፣ ፍጥነቱን ሰብሮ መልቀቅ ነው። የሸራ ሽታ ከመጣ ሰፊ ቦታ ላይ ቆሞ ማቀዝቀዝ፤ የጋለ ብረት ስለሚሰነጠቅ ውሃ አይደፋበትም። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ፍሪ አድርጎ (ማርሹን አውጥቶ) መውረድን የመሰለ አደጋ ግን እዚህ መንገድ ላይ የለም።

አስፋልቱ በየቦታው ተጨማዶ የምናየው ከሥሩ ያለው ሸክላማ አፈር የክረምቱን ውሃ ጠጥቶ ስለሚንሸራተት ነው። መንገዱ ተጠግኖም መልሶ የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው። ገደሉን ላስተዋለ ሰው ላይ ላዩ ጥቁር ድንጋይ፣ መሀሉ የኖራ ድንጋይና ጂፕሰም፣ ታቹ አሸዋማ ድንጋይ ነው፤ እኔ ከዚህ የሚያምር የመንገድ ዳር እይታ አላውቅም።

ታች በጃፓን ዕርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተከፈተው የህዳሴ ድልድይ 303 ሜትር ይረዝማል። አሮጌው ድልድይ አጠገቡ ነው።

ከዚህ በኋላ ሙቀቱና ዳገቱ አንድ ላይ ይመጣሉ። ኤሲ ይጠፋል፣ በከባድ ማርሽ ሳይጣደፉ ይወጣል። የሙቀት መለኪያው ከፍ ካለ ጥግ ይዞ ቆሞ ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ ሳያጠፉ ማቆየት፤ የራዲያተሩ ክዳን እስኪቀዘቅዝ አይከፈትም። ኩርባ ላይ ዓይን ከአስፋልቱ አይነሳ፤ የተበላሸ መኪና ረዳት መኪናው እንዳይንሸራተት ጎማ ሥር ለታኮ ያስገባውን ድንጋይ ሳያነሳ ይሄዳል። በጨለማ ድንጋዩ የሚታየው ጎማ ሥር ሲገባ ነውና በሌሊት ባይሞከር ይሻላል።

ደጀን ሲደረስ እጅን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ማስጠጋት ነው፣ ሳይነኩ። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከጋለ ፍሬኑ ይዞ ቀርቷልና ወደ ደብረ ማርቆስ ከመቀጠል በፊት ይፈታ።