ቁመቴ 1.66 ነው

ከጎንደር ተነሥታ በቅርጫት ኳስ የነፃ ትምህርት ዕድል ለማግኘት የምታስብ ልጅ ካለች፣ ከፓስፖርቱም ከቋንቋውም በፊት ቁመቷን ትለካ። ጤና ጣቢያ ትሂድ፣ ጫማዋን ታውልቅ፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተቀብላ ትመለስ። ይህን ማንም አልነገረኝም። ቢነግሩኝ ኖሮ አንድ የትምህርት ዘመን ባልባከነብኝ ነበር።

ነገሩን ለማስረዳት ስለ ረጅሟ መናገር አለብኝ። ረጅሟ የምላት በአንድ ሰፈር አብራኝ ያደገች፣ በአንድ ቡድን አብራኝ የተጫወተች ልጅ ናት። ምንም አላጠፋችብኝምና ስሟን አልጠራም። ቁመቷ 1.88 ነው። ከትምህርት ቤት ለከተማው፣ ከከተማው ለክልሉ ተጫወተች፤ በመጨረሻም አሜሪካ ያለ ኮሌጅ ሙሉ ወጪዋን ችሎ ወሰዳት። እኔ ኳሱን አንጥሬ የማመጣላት ነበርኩ። ከሄደች በኋላ ከፒያሳ እስከ አዘዞ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ «አንቺስ መቼ ነው?» ይለኛል። አክስቴ ደግሞ ቡና በተፈላ ቁጥር «እርሷ እኮ በልጅነቷ ወተት ትወድ ነበር» ትላለች፣ ሲኒዬን እያየች።

አገራችን ለሁለተኛ የምትሰጠው ቦታ የላትም። ስለሺ ስህንን ተመልከቱ። በአቴንስ 2004 እና በቤጂንግ 2008 ኦሊምፒክ፣ በሄልሲንኪ 2005 እና በኦሳካ 2007 የዓለም ሻምፒዮና በ10 ሺህ ሜትር ሁለተኛ ወጣ። በአራቱም ውድድሮች ከአንድ ሰው በቀር ማንም አልቀደመውም፤ ያ አንድ ሰው ግን ቀነኒሳ በቀለ ነበር። አሠልጣኛችን አንድ ቀን ሊያበረታታኝ ብሎ «አንቺ የእኛ ስለሺ ነሽ» ሲለኝ ቡድኑ በሳቅ ፈረሰ። አራት የብር ሜዳሊያ ምኑ እንደሚያስቅ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

አሜሪካን አልመረጥኩም። ቪዛው ገና ቃለ መጠይቅ ሳይደርስ ሴቪስ ለሚባለው የውጭ ተማሪዎች ምዝገባ ብቻ 350 ዶላር ያስከፍላል። ከዚያም በላይ ረጅሟ በሄደችበት መንገድ መሄድ ማለት እስከ ምረቃ ድረስ «እርሷ እዚህ ጋ ስንት አገባች?» ሲባል መስማት ነው። ናይሮቢን መረጥኩ። ቅርብ ናት፣ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ የዩኒቨርሲቲ ቡድኖቹም በአገሪቱ ሊግ ይጫወታሉ።

ቀላሉን ሥራ በአጭሩ ልጨርሰው። ፓስፖርት ጊዜ ይፈጃል እንጂ አያስቸግርም። የትምህርት ማስረጃ አስተርጉማችሁ አረጋግጡ። የልደት ቀናችሁ መስከረምና ታኅሣሥ መካከል ከሆነ ተጠንቀቁ። እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ በእኛ ዓመት ላይ የሚደመረው ሰባት ነው፣ ከዚያ በኋላ ስምንት። ይህን የማይለዩ ጸሐፊዎች በአንድ መስመር ከዕድሜያችሁ አንድ ዓመት ይቀንሱባችኋል፤ ሁለት ወረቀት ላይ ሁለት ዕድሜ ያላት ተጫዋች ደግሞ ማንም አያምናትም።

አሁን ወደ ደብዳቤው።

የናይሮቢዋ አሠልጣኝ የጨዋታ ቪዲዮ ላኪ ብቻ ነበር ያለችኝ። እዚህ ግን የጠየቅኋቸው ሁሉ «ከሚመለከተው አካል የድጋፍ ደብዳቤ ከሌለሽ አያዩሽም፤ ግዴታ ነው» አሉኝ። ስለዚህ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ኃላፊው በደስታ ተቀበሉኝ። «ልጄ፣ ለእርሷም የጻፍኩላት እኔ ነኝ» አሉ። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ታሽጎ፣ በዚያው ዕለት ወጣ። እንዲህ ዓይነት ፍጥነት ሳይ መጠርጠር ነበረብኝ ይባል ይሆናል፤ የታሸገ ፖስታ ግን ባለጉዳይ አይከፍትም። አንዱ ቅጂ በፖስታ ተሰጠኝ፤ ሌላውን እርሳቸው ራሳቸው በኢሜይል ለአሠልጣኟ ላኩላት። እኔም ቪዲዮውን ላክሁ። ያለኝ የክልል ውድድር ቀረጻ ነው። ቀራጩ ካሜራውን ከረጅሟ ላይ ነቅሎ አያውቅም፤ እኔ ከጠርዝ ገብታ ኳስ ሰጥታ የምትወጣ እጅ ነኝ። የማሊያ ቁጥሬን በመልእክቴ በግልጽ ጽፌያለሁ።

መልሱ ፈጥኖ መጣ። አሠልጣኟ ቅርጫት ሥር ያለኝን ጉልበት፣ ከሰሌዳው የሚመለሱ ኳሶችን እንዴት እንደምለቅም፣ እጄ እንዴት እንደሚረዝም አድንቃ ጽፋለች። ያደነቀችው ረጅሟን ነበር።

ፖስታውን የዚያን ጊዜ ቀደድኩት። የመጀመሪያው አንቀጽ ስለ መሥሪያ ቤቱ ነው። ሁለተኛው፣ ከሁሉ የሚረዝመው፣ ስለ ረጅሟ ነው። ሦስተኛው አመልካቿ በተመሳሳይ ብቃትና ቁመት እንደምትገኝ ይገልጽና ቁመቴን 1.83 ይለዋል። ማኅተም ያለበት ወረቀት ከማሊያ ቁጥር ይበልጣል፤ አሠልጣኟ ብትሳሳት አልፈርድባትም። ያቺ እኔ እንዳልሆንኩ ጻፍኩላት። ዝም አለች።

እንዲታረምልኝ ስጠይቅ ኃላፊው በእውነት ተገረሙ። «ሌላው ይጨመርልኝ ይላል፤ ይቀነስልኝ ብላ የመጣች አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።» 1.83 ከየት እንደመጣ ጠየቅኋቸው። የእርሷ 1.88 ስለነበር፣ ሐሰት እንዳይሆን ትንሽ እንደቀነሱልኝ ነገሩኝ። ይህን ያሉት ሳይስቁ ነው። እኔን ለመጥቀም ያደረጉት መሆኑን ዛሬም አልጠራጠርም፤ ንዴቴንም የባሰ የሚያደርገው ይኸው ነው። በሰውዬው ዓይን እኔን መርዳት ማለት እኔን እርሷን ማስመሰል ነበር።

ደግሞም ወጪ የሆነ ደብዳቤ አይሻርም። መዝገብ ላይ ቁጥር ይዟል። ማረሚያ ይጻፍልኝ ስል ለማረሚያው ማስረጃ አምጪ ተባልኩ። ጤና ጣቢያ ስሄድ ካርድ ክፍሉ የመለኪያ ጥያቄ ከመሥሪያ ቤት በደብዳቤ መምጣት አለበት አለኝ። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ማስረጃ ሳይኖር ደብዳቤ አይጽፍም። ኃላፊው ፊት ቆሜ ስለ ማግሲ ቦግስ ነገርኳቸው። ቁመቱ 1.60 ሲሆን ኤንቢኤ በሚባለው የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ ውስጥ 14 የውድድር ዘመን ተጫውቷል፤ በ1987 እ.ኤ.አ. የዋሽንግተንን ቡድን ሲቀላቀል የቡድን ጓደኛው 2.31 የሚረዝመው ሱዳናዊው ማኑት ቦል ነበር። ማንም ማግሲን እንደ ማኑት ሁን አላለውም፣ አልኳቸው። «እርሱ አሜሪካዊ ነው» ብለው ስልካቸውን አነሡ።

ያዳነችኝ አንዲት ነርስ ናት። ደብዳቤ አልጠየቀችኝም። «ጫማሽን አውልቂ፣ ተረከዝሽን ከግድግዳው አስጠጊ» አለች፤ 1.66 ብላ ጻፈች፣ ማኅተም መታች። ወረቀቱን ለመሥሪያ ቤቱ ብወስደው «ለእኛ አልተጻፈም» ተባለ። ከዚያ ወዲያ ያንን ደጅ አልረገጥኩም። ወረቀቱን በቀጥታ ለአሠልጣኟ ላክሁት። ታናሽ ወንድሜን ስልክ አስይዤ ሙሉ ጨዋታ አስቀረጽኩ፤ እኔን ብቻ እንዲከተል፣ ኳስ ስነጠቅም እንዳያቆም አዘዝኩት።

አሠልጣኟ ከብዙ ዝምታ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፈች፦ በግራ እጅሽ ታነጥሪያለሽ? ቀርጬ ላክሁ። የተገኘው ዕድል የትምህርት ክፍያውን ይሸፍናል፤ መኝታና ምግብ አይሸፍንም። የቀረውን ታላቅ እህቴ ትችላለች። ረጅሟ ሙሉ አግኝታ እኔ ግማሽ ማግኘቴን ሰፈሩ ከእኔ ቀድሞ ነበር ያሰላው።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው፣ የሚቃወመኝ ባለሥልጣን ቢኖርም። ያልተጠየቃችሁትን የድጋፍ ደብዳቤ አትላኩ። ከተጠየቃችሁ ራሳችሁ ጽፋችሁ ለፊርማ አቅርቡ፤ ፖስታው ከመታሸጉ በፊትም አንብቡት። ቁመት ላይ የጫማ ሶል አትደምሩ፤ ኤንቢኤ እንኳ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተጫዋቾቹን ጫማ አስወልቆ ይለካል። በሙዚቃ የተቆራረጠ ቪዲዮ አትላኩ፤ አሠልጣኝ ማየት የሚፈልገው ከስሕተታችሁ በኋላ የምታደርጉትን ነው። የሴቶች ኳስ ቁጥር 6 ነው። እኛ ጎንደር ሳለን በተገኘው የወንዶች ቁጥር 7 ነበር የምንለማመደው፤ ናይሮቢ ስደርስ ኳሱ እየቀለለኝ ውርወራዬ ሁሉ ከቀለበቱ ያልፍ ነበር። ከመሄዳችሁ በፊት ቁጥር 6 ፈልጋችሁ ተለማመዱበት።

ወደ ሌላ አገር ቡድን ለመዛወር የሚያስፈልገውን መልቀቂያም «ክለቡ ካልፈለገ አይሰጥም» የሚላችሁን አትስሙ። በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን በፊባ ደንብ መልቀቂያውን የሚጠይቀው የተቀባዩ አገር ፌዴሬሽን ነው፤ የእኛው በሰባት ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። ሊከለክል የሚችለውም ያላለቀ ውል ካላችሁ ብቻ ነው። ዕድሜያችሁ ከ18 በታች ከሆነ ግን፣ ልዩ ጉዳይ ካልሆነ በቀር ዝውውሩ አይፈቀድም፤ ቆዩ።

ናይሮቢ ውስጥ ረጅሟን የሚያውቅ የለም። በምትኩ ኢትዮጵያዊት መሆኔን የሰማ ሁሉ ለምን እንደማልሮጥ ይጠይቀኛል። የአንዷ ጓደኛዬ አባት በሲድኒ 2000 ኃይሌ ገብረሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ መቅደሙን እኔ ያደረግሁት ያህል እየወቀሱ ምሳ ይጋብዙኛል። ይህኛው ንጽጽር አይከብደኝም፤ ኃይሌን ትመስላለች ብሎ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ የለም። የረጅሟን ጨዋታዎች አላይም። ውጤቱን ግን ሁልጊዜ አውቀዋለሁ።

ባለፈው ጥምቀት ጎንደር ስመጣ ኃላፊውን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። «ደብዳቤዬ አሳለፈሽ አይደል?» ብለው ትከሻዬን መቱ። ከብዙ ሰው ጋር ነበሩ፣ በዓልም ነበር፤ «ይመስገን ጋሼ» ብዬ አለፍኩ። ብዙም ሳይቆይ አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ከእርሳቸው የተቀበለችውን ደብዳቤ በቴሌግራም ላከችልኝ። የመጀመሪያው አንቀጽ ያው ነው። ሁለተኛው አሁን ስለ ሁለታችን ነው፤ ስለ ረጅሟና ስለ እኔ፣ ስለ ባለ 1.83ቷ። ሦስተኛው ልጅቷ በተመሳሳይ ቁመት እንደምትገኝ ይገልጻል። ቁመቷን ብጠይቃት 1.71 አለችኝ፣ በጫማ።