የጃኖ ባንድ ጊታር

ዛሬ ታክሲ ውስጥ ሹፌሩ የአገራችንን የሮክ ቡድን ጃኖ ባንድን ለቆት፣ ከጎኔ ያሉ እናት «ኧረ ልጄ ቀንስልን!» አሉት። እሱ እቴ! እኔማ ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት።

በእሳተ ገሞራው ስም «ኤርታሌ» ያሉትን የመጀመሪያ አልበማቸውን ፕሮዲውስ ያደረገው አሜሪካዊው ቤዝ ተጫዋች ቢል ላስዌል ነው። ከፊት ሁለት ወንድ፣ ሁለት ሴት ድምፃውያን። ከኋላ ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክረው ኤፌክት) የተለቀቀበት ጊታር። ልብ ብላችሁ ስሙት ግን፤ ጊታሩ የሚጮኸው በእኛው ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ነው። ድራሙም ሮክ ሲመታ ቆይቶ ድንገት ትከሻ ያስነቀንቃል። ሄቪ ሜታል ነው አልልም፤ የሜታል ወዳጆች ይሰድቡኛል (አውቃቸዋለሁ!)።

በኋላ ሥራዎቻቸው ለእኔ ጆሮ ጊታሩ በረድ ብሏል። ዜማው ጎልቷል፣ ለሰርግም ይሆናል። እኔ ግን ያንን የመጀመሪያውን ጩኸት ነው የምወደው። እናንተስ?