ቲኬት ሲስተም ከማገናኘታችሁ በፊት ኬብሉን ነቅላችሁ እዩ

የእኛ ሄልፕ ዴስክ በጂኤልፒአይ ነው የሚሠራው፤ እያንዳንዱን የብልሽት ጥሪ «ቲኬት» ብሎ የሚመዘግብ ሲስተም ነው፣ ያለውም ክላውድ ላይ ነው። ኔትወርኩን የሚከታተለው ዛቢክስ ደግሞ አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ሰርቨር ላይ ተቀምጧል። ሁለቱን የማገናኘት ሥራ እኔ ላይ ወደቀ።

የሠራተኞች አካውንት ከአክቲቭ ዳይሬክተሪ (የመሥሪያ ቤቱ የተጠቃሚዎች መዝገብ) ያለ ችግር መጣ። ሰው በኢሜይል ሲጽፍ ቲኬት እንዲከፈት ማድረግም ቀላል ነው።

ያንገበገበኝ የዛቢክስን ማስጠንቀቂያ ወደ ቲኬት መቀየሩ ነው። ሲስተሙን የተከለልን ድርጅት አማካሪ «ዘመናዊው ዌብሁክ ነው፤ ችግር እንደተፈጠረ በሰከንድ ቲኬት ይከፈታል» አለ። ዌብሁክ ማለት ዛቢክስ ሳይጠየቅ ራሱ መልእክቱን በኢንተርኔት ወደ ጂኤልፒአይ ሲልክ ነው። አለቃዬ «በሰከንድ» የምትለዋን ይዞ ቀረ። በየአምስት ደቂቃው ዛቢክስን እየጠየቅን እናምጣ ብል «ያረጀ አሠራር» ተባልኩ። በርክክቡ ቀን አንድ ስዊች አጠፉ፣ ቲኬት ተከፈተ፣ ተጨበጨበ።

ከዚያ አንድ ማታ መብራት ሄደ። ሰርቨሩን ዩፒኤሱ ያዘው፤ ኢንተርኔቱ ግን ይመጣል ይሄዳል። የዛቢክስ ዌብሁክ ካልነካችሁት 3 ጊዜ፣ በየ10 ሰከንዱ ሞክሮ ይተወዋል። ግማሽ ሰዓት ለጠፋ መስመር ሦስት ሙከራ ምን ይሠራል? አንዳንዱ ጥያቄ ደግሞ ደርሶ ቲኬት ከከፈተ በኋላ መልሱ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ዛቢክስ አልደረሰም ብሎ ይደግመዋል። ጠዋት የሄልፕ ዴስክ ልጆች አንድ ዓይነት ርእስ ያላቸውን ቲኬቶች በእጅ ሲዘጉ አረፈዱ። በእውነት የወደቀው ቅርንጫፍ ግን አንድም ቲኬት አልነበረውም፤ ያወቅነው ሥራ አስኪያጇ ደውላ ስትቆጣን ነው።

አማካሪው ሲጠየቅ «የኢንተርኔታችሁ ችግር ነው» አለ። ታዲያ ሥርዓቱ የተገዛው የኔትወርክ ችግር እንዲመዘግብ አይደለም እንዴ!

ዌብሁኩን አጥፍቼ በፓይተን አጭር ስክሪፕት ጻፍኩ። በየአምስት ደቂቃው ዛቢክስን «ከዚህ የኢቨንት ቁጥር (ለእያንዳንዱ ችግር የሚሰጠው መለያ) ወዲህ ያለውን ስጠኝ» ይለዋል። ቁጥሩን የቲኬቱ ርእስ ላይ ያስገባል፤ አዲስ ከመክፈቱ በፊት ያንኑ ቁጥር ይፈልጋል፣ ካገኘው አይደግምም። ኢንተርኔት ከሌለ ቁጥሩ ካለበት አይንቀሳቀስም፤ መስመሩ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። ዛቢክስ ላይም የቅርንጫፉ ስዊቾች በራውተሩ ላይ ጥገኛ እንዲሆኑ አደረግኩ፤ ራውተሩ ሲወድቅ ሁሉም አብረው አይጮኹም። አምስት ደቂቃ ዘገየ የሚለኝ ካለ፣ ቴክኒሻኑ ከመገናኛ መንገድ ተዘግቶበት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ይጠይቀው።

ከሰው ኃይል ሲስተም ጋር የምታገናኙ ደግሞ ሰውን በስም እንዳታዛምዱ። አንዱ ጋ «ሥዩም»፣ ሌላው ጋ «ስዩም» ነው፤ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ቦታ ላይ ገብቶ ይመጣል። በሠራተኛ መታወቂያ ቁጥር ብቻ። ቀኑንም ከመላካችሁ በፊት ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀይሩት፤ ጳጉሜን የሚያውቅ ሲስተም አትጠብቁ።

ርክክብ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት ሻጩ ፊት የኢንተርኔት ኬብሉን ንቀሉ፣ ሁለት ሦስት ስዊች አጥፉ፣ ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ ኬብሉን መልሱት። ለእያንዳንዱ ስዊች አንድ ቲኬት ብቻ ካልመጣ አትፈርሙ። የእኛው «ይህ ውሉ ላይ የለም» ብሏል፤ የእናንተ ላይ ይኑር።