ለኦርጋን ኮንሰርት ከልምምዱ በፊት ስለ ማሞቂያው ጠይቁ

ጀርመን ውስጥ የቧንቧ ኦርጋን ኮንሰርት እንዴት እንደሚዘጋጅ የሚጠይቁኝ ልጆች አሉ። አጀማመሩ ቀላል ነው። ለቤተ ክርስቲያኑ ጽሕፈት ቤት ትጽፋላችሁ፣ ቀን ይሰጧችኋል፣ ፕሮግራም ትልካላችሁ፣ ፖስተር ትለጥፋላችሁ። አገሩ 50,000 ያህል ኦርጋን ስላለው መሣሪያ አይጠፋም። ማንም ያልነገረኝ ስለ ማሞቂያው ነው።

የመጀመሪያው ኮንሰርቴ ጥር ላይ ነበር። የኦርጋኑ ቃኚ (ቧንቧዎቹን የሚያስተካክለው ባለሙያ) የመጣው በሳምንቱ መሀል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ባዶውን፣ 10 ዲግሪ ላይ እያለ ነው። «ለኮንሰርቱ ስንት ዲግሪ ታደርሱታላችሁ?» ብዬ ጽሕፈት ቤቱን አስቀድሜ ጠይቄ ነበር። «አይጨነቁ፣ ማሞቂያው በፕሮግራም ነው የሚሠራው» አሉኝ። ጥያቄዬ ሌላ፣ መልሳቸው ሌላ።

እሑድ ስደርስ 18 ዲግሪ! ሕዝቡ ካፖርቱን አውልቆ፣ ተመቻችቶ ተቀምጧል። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ አብዛኞቹ ቧንቧዎች እንደ ዋሽንት በአየር ብቻ ነው የሚሠሩት፣ አየሩ ሲሞቅ ደግሞ ድምፃቸው ይቀጥናል፤ በ440 ኸርዝ የተቃኘው «ላ» የተባለው ኖታ 446 አካባቢ ይደርሳል። «ትረምፔት» የሚባሉት የኦርጋኑ ቧንቧዎችና መሰሎቻቸው ግን ድምፃቸውን የሚወስነው ውስጣቸው ያለው የናስ ምላስ ስለሆነ እዚያው የነበሩበት ይቀራሉ። ለየብቻ ሁለቱም ደህና ናቸው። አብረው ሲጮኹ ጆሮ ይበሳሉ።

ግማሽ ሰዓት ባገኝ ባለምላሶቹን ራሴ እቃኛቸው ነበር፣ ከሌሎቹ አንፃር ጥቂት ናቸው። እያንዳንዱ ምላሱን የሚጫን ሽቦ አለው፤ ሽቦውን ወደ ታች መታ መታ ስታደርጉት ድምፁ ይቀጥናል፣ ታች ኪቦርዱን ተጭኖ የሚይዝላችሁ ሰው ካለ ቶሎ ያልቃል። ግን ወደ ቧንቧዎቹ የሚያስገባው በር ተቆልፏል። ቁልፉ ጽሕፈት ቤቱ ጋ ነው፣ ጽሕፈት ቤቱ እሑድ ዝግ ነው። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

የዮሐን ሰባስቲያን ባህን ሥራ ያለ ባለምላሶቹ አለፍኩት። መዝጊያው ግን ቶካታ የሚባለው፣ የፈረንሳዊው ቪዶር ፈጣን የኦርጋን ሙዚቃ ነበር። እጅ ከላይ ሲሮጥ ትልቁን ዜማ ታች ባለው ፔዳል የሚጫወተው እግር ነው፣ እሱም ያለ ወፍራሞቹ ባለምላስ ቧንቧዎች አይሆንም። ከፈትኳቸው። እጄና እግሬ ሁለት የተለያየ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚጫወቱ መሰለኝ። ኦርጋኑ ያለው ከኋላ ሰገነት ላይ ስለሆነ አንዲት ጓደኛዬ «ሳናይህ ወጣን እኮ» ብላ ቅር አላት። እኔ ያን ቀን አለመታየቴ ተመችቶኛል።

መመሪያዎቹ «ቀስ ብላችሁ አሙቁ» ይላሉ። እኔ ጭራሽ አታሙቁ ባይ ነኝ። ፖስተሩ ላይ «ደህና አድርጋችሁ ለብሳችሁ ኑ» ብላችሁ ጻፉ፤ ሰው ለእግር ኳስ በረዶ ላይ ይቆም የለ? የግድ ይሙቅ ካሉ ደግሞ ቃኚው የሚመጣው ከሞቀ በኋላ ይሁን፣ ቁልፉንም ዓርብ ተቀበሉ። እኔ አሁን ውሉ ላይ አስገባዋለሁ፦ በቅኝቱ ሰዓትና በኮንሰርቱ ሰዓት ሙቀቱ አንድ ይሁን። የባለፈው ቦታ ኃላፊ ፊቱን አጨፍግጎ ፈረመ። ይፈርም።